የፊሎሜና ቁልቁለት

ጥር 9
ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ። ደጁን ጠረግኩ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ቢሆንም ከሁሉ የሚከብደውን ጥቁሩን ቁልቁለት በስኪ እየተንሸራተትኩ ሁለቴ ወረድኩት። ከቪየና የመጡ ጎረምሶች አፋፉ ላይ ሲንቀጠቀጡ በመሃላቸው አለፍኩ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው... ይዩ!
ማታ የታሸገ የቆርቆሮ ሾርባ። ስኪዬን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። አጠገቡ ያለው የቪልማ ሚስማር ባዶ ነው። ባለቤቴ ካረፈች አራተኛ ክረምት። እንዲህ መጻፉም የሚቀናት እሷን ነበር።

ጥር 14
ከቅዳሴ ስወጣ ፊሎሜና አስቆመችኝ። የሆቴሉ ምግብ አብሳይ የነበረችው፣ አምና ጡረታ የወጣችው።
«ካሲያን፣ ስኪ አስተምረኝ።»
«በዚህ ዕድሜሽ?»
«ካንተ አንሳለሁ። አንተ ደግሞ ገና አልሞትክም።»
ክረምት በመጣ ቁጥር ከምድጃ ሥር አትወጣም ነበር። የዳቦ ድቡልቡል እየሠራች በዕቃ ማመላለሻው ገመድ ተራራው አናት ላይ ወዳለው ምግብ ቤት፣ ወደ ላይኛው ጎጆ ትልካለች። የት እንደሚበላ አንድ ቀን አላየችም። ዘንድሮ ሰው ወደ ላይ የሚያወጡት የገመድ ወንበሮች ሳይዘጉ እዚያ ወጥታ በገዛ እግሯ መውረድ ትፈልጋለች።
«አስተማሪዎች አሉ አይደል?»
«እንደ ሕፃን ያባብሉኛል። አንተ ቢያንስ ትቆጣለህ።»
አስብበታለሁ አልኳት። ምኑን አስባለሁ... በልቤ እሺ ብዬ ጨርሻለሁ።

ጥር 27
የሕፃናቱ መለማመጃ ሜዳ፣ ከፊሎሜና ጋር። ትወድቃለች፣ ትስቃለች፣ ትነሳለች። ጎበዝ ናት። አልነገርኳትም።
አግዳሚው ላይ ቁጭ ስንል ከከረጢቷ የተጨሰ ሥጋና ዳቦ አወጣች። ቢላዋውን ለኔ ሰጠችኝ። ከሰው ጋር ምሳ የበላሁት... መቼ ነበር?

የካቲት 6
ተበላሸ።
ቁልቁለቱ በቀለም ይለያል፤ ለጀማሪ ሰማያዊ፣ ለደህና ቀይ፣ እንደኔ ላለው ጥቁር። ይሄን ማንም ያውቃል። ከገመድ ወንበሩ መካከለኛ ጣቢያ ሰማያዊውን መረጥኩላት፣ በጫካው መንገድ የሚሄደውን። እኔ ፊት ፊት። ዞር ስል የለችም። በጎን እየረገጥኩ ሽቅብ ተመለስኩ። ድርቅ ብላ ቆማለች። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በግራ ገደል።
«ነይ እንጂ! ሰማያዊ እኮ ነው!»
«ለገደሉ ነግረኸዋል?»
«ሕፃናት ይወርዱታል!»
«እንግዲያው ከሕፃናቱ ጋር ውረድ!»
ስኪዋን አውልቃ እግሬ ሥር ጣለችው። እስከ ታች በእግሯ። እኔ ስኪዋን ተሸክሜ ቀደምኳት። ስትደርስ በአጠገቤ አለፈች። ዞር ብላም አላየችኝ።

የካቲት 7
አልመጣችም።

የካቲት 9
አልመጣችም። የቆርቆሮ ሾርባ። ምን አጠፋሁ? ሰማያዊ ሰማያዊ ነው።

የካቲት 11
ብቻዬን ወደ ጫካው መንገድ ሄድኩ። እሷ የቆመችበት ቦታ ቆምኩ። ወደ ግራ አየሁ። የጥዶቹ ጫፍ ከእግሬ በታች... ይሄን ሁሉ ዓመት እየበረርኩ ሳልፍ አንዴም አላየሁትም። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ከጉልበቴ ሕመም ነው። ከሕመሙ ብቻ ነው?
ማታ እንዲንሸራተትላት ስኪዋን በሰም አሸሁት።

የካቲት 12
በሯን አንኳኳሁ። ይቅርታ ልል ነበር፣ ያወጣሁት ግን ሌላ ነው።
«ስኪሽን አመጣሁ።»
«ማን አምጣ አለህ?»
«ገደሉ... ጥልቅ ነው። ሄጄ አየሁት።»
በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች። «ጫማህን አራግፍ።»
ሌላ ልምረጥልሽ አላልኩም። ነገ ያለ ስኪ በገመድ ወንበሩ እንውጣ፣ ከላይ ሆነሽ ሁሉንም አይተሽ አንቺ ምረጪ አልኳት።

የካቲት 13
ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን። ተራራውን ገበያ እንደወጣ ሰው ታማርጣለች። «ያ ጠባብ ነው። ያ ጉብታ በጉብታ። ያ ሰፊውስ? የታጨደ ማሳ የሚመስለው?»
«እሱ ቀይ ነው፣ ላንቺ...»
«ቀለሙን ማን ጠየቀህ? ገደል አለው?»
«የለውም።»
«ብወድቅ የት እደርሳለሁ?»
«የትም። በረዶው ላይ ትቀመጫለሽ።»
«በቃ እሱን ነው።»
ቁልቁለቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። ጠዋት በረዶው እንደ መስታወት ያዳልጣል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያለሰልሰው፣ ከዳር እስከ ዳር እየተጠማዘዘች... ይቻል ይሆን?

መጋቢት 3
የቀዩን ግማሽ ወረደች! ከመካከለኛው ጣቢያ። ይቻላል።

መጋቢት 22
ላይኛው ጎጆ። ፊሎሜና ድቡልቡል አዘዘች። ቀመሰች። «ጨው ያንሰዋል» አለች ደስ ብሏት።
ከዚያ ቀዩ፣ ከጫፉ። ፀሐይ ነው፣ በረዶው ለስልሷል።
«ቅደም» አለችኝ።
«አይሆንም። አንቺ ቅደሚ።»
ያንን ስፋት ሁሉ ተጠቀመችበት። መሃል ላይ ወደቀች። አልጮህኩም። ተነሳች።
ታች የወንበሩ ሠራተኛ ቫለንቲን ጠበቀን። «ካሲያን! ጭራ ሆንክ እንዴ?»
«አርፈህ ወንበርህን ጠብቅ!»
እሷ ወደ ላይ ዞራ ጎጆውን ታያለች። ትስቃለች። ዓይኗንም ጠረገች መሰለኝ።

ሚያዝያ 5
የገመድ ወንበሮቹ ለዘንድሮ ቆሙ። ጥቁሩን ከየካቲት ወዲህ አልወረድኩትም። አልናፈቀኝም... ለቫለንቲን ግን አልናገርም።
ከሰዓት በኋላ ፊሎሜና ስኪዋን ተሸክማ መጣች። «እኔ ቤት ቦታ የለም። የት ላድርገው?»
የማገዶ ማስቀመጫዋ ከኔው ይሰፋል። አውቃለሁ። የቪልማን ሚስማር በእጄ ያዝኩት፣ ነቅነቅ አደረግኩት። አይነቃነቅም። ሰቀልኩላት።
«እራት የቆርቆሮ ሾርባ ነው ያለኝ» አልኳት።
«ቆርቆሮዎቹን አይቻለሁ» አለችና ድስት ፍለጋ ወጥ ቤት ገባች።