የባሕር ዛፍ ቅጠል ያለበስኩት ጎመን

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ለመስቀል ከራሳችን ጓሮ ጎመን እንቆርጣለን ብለን ነበር። ዝናቡ አፈሩን እንዳያጥበው ብዬ ባለፈው ሳምንት መደቡን ከእንጦጦ በለቀምኩት የባሕር ዛፍ ቅጠል ሸፈንኩት። ዛሬ ችግኙ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት።

አማቴ እማማ ዘነበች መጥተው አዩ። "ባሕር ዛፍ ሥር ጎመን ሲበቅል የት አይተሽ ነው?"

"ታዲያ ስሸፍነው እያዩ ለምን አልነገሩኝም?"

"መጽሐፍ ላይ አንብበሽ መስሎኝ!"

ልጄ ሜሮን በሳቅ ፍርስ አለች። ሦስታችንም አጎንብሰን ቅጠሉን ለቅመን ጣልነው። ጥቂቶቹ ይድኑ ይሆናል።

አመሻሹ ላይ ዶፉ ሲወርድ እማማን ከቤት አጣኋቸው። በመስኮት ሳይ ጓሮ ቆመዋል። ጃንጥላውን ለጎመኑ ዘርግተው እሳቸው በስብሰዋል።

"እማማ፣ ይግቡ እንጂ!"

"እስኪያባራ ነው።"

ሌላ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁና እሳቸውን አስጠለልኩ።