ሐይቁን ያሳረፍክበት ቦታ

ለወዳጄ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ወባው ለቀቀህ? ትኩሳቱስ በርዶልህ እህል መቅመስ ጀመርክ? የምጠይቅህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለውን በጤናህ ሆነህ እንድታነበው ስለምፈልግ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ የቡድናችን ልጆችም ደህና ናቸው። በስልክ ልነግርህ አስቤ ተውኩት። ስልክ ይቋረጣል፣ በተለይ በአንተ በኩል።

ትናንት የከተማውን ረቂቅ ፕላናችንን ለነዋሪው አቀረብን። ከሆሳዕና፣ ከግቢ ስንነሣ አሞጽ መኪናው ውስጥ ሲያስቀን ነበር። የመሬት አጠቃቀሙን ካርታ የሠራው ሰውዬ ከአንጋጫ ማዶ ዱባይን ገንብቶ ጨርሶ ሪባን ሊቆርጥ ሲል ወባ ጣለው እያለ። እኔም ሳቅሁ፤ መምህር ብዙነህም ሳቁ። ያን ካርታ ማንም እንዳይነካብህ ብለህ ለብቻህ ስትሠራው ትጋት መስሎን ነበር።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የብስክሌት መንገድህን ሳሳይ ሰዎቹ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ባጃጅ በሰው ትከሻ ከጭቃ በሚወጣበት ከተማ የብስክሌት መንገድ መሳል ድፍረት ይጠይቃል፤ አንተ ደግሞ የወረቀት ድፍረት አያንስህም። ከዚያ ካርታው ላይ ከገበያው በታች ወዳለው አረንጓዴ ወረድኩ፤ «ባዶ መሬት» ብለህ ወደጻፍክበት፣ መናፈሻና ሰው ሠራሽ ሐይቅ ወደሳልክበት። ይኼኔ አንዲት እናት ከበሩ አጠገብ ተነሡ። ሌላው ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ እሳቸው መሬት ላይ ነበሩ፤ አጠገባቸውም ማንም አልነበረም። በከምባትኛ ተናገሩ። የእህል ነጋዴው አቶ ፋንታዬ እየሳቁ ተረጎሙልን፤ ሸክላ ሠሪዋ ቤቴ የት ሄደ ትላለች አሉ።

የሳተላይቱን ምስል ዘረጋሁላቸው። እንሰቱ ጣሪያውን ሁሉ ስለሸፈነው ከላይ ሲታይ ጫካ ይመስላል። የተማሪ ስህተት ነው ብዬ ልከላከልልህ አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ካርታው ቀርበው ጣታቸውን ሐይቁ ላይ አሳረፉና ይህን የሳለው ማን ነው ብለው ጠየቁ። አሞጽ ምንም ሳያውቅ ስምህን ከነአባትህ ጠራ።

ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ሸክላ አፈር የምናወጣበት ጉድጓድ ነው» አሉኝ። «ልጄ አብሮኝ ሲቆፍር ነው ያደገው።»

በኋላ ሄጄ አየሁት። ዙሪያውን እንሰት ውጦታል፤ ምስሉ ላይ አይታይም። አንተ ግን ሐይቁን ሳታዛንፍ እዚያው ላይ አሳርፈኸዋል። ሰው የማያውቀውን ቦታ እንዲህ በትክክል አይስትም።

አምና በፋሲካ ላስተዋውቅህ ቤታችን ስወስድህ፣ አባቴ የማን ልጅ ነህ ብለው ሲጠይቁህ፣ እናቴም አባቴም የሉም አልካቸው። ተነሥተው ግንባርህን ሳሙህ። እኔ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ያ እንባ ዛሬ ያሳፍረኛል። አባቴ እውነቱን ቢያውቁ ምን ይሉ እንደነበር ፈርተህ ይሆናል፤ ምናልባትም ፍርሃትህ ልክ ነበር። እኔን ግን አልጠየቅከኝም። ሰውን ሳይጠይቅ ባዶ ብሎ መቀባት ለካ በእኔ ላይ የጀመርከው ልማድ ነው። የአቶ ፋንታዬ ንቀት ቢያንስ በአደባባይ ነው፤ እናትህን መሬት ላይ ያስቀምጣል እንጂ ከምድር አያጠፋቸውም።

እናትህ ቤታቸው ወስደውኝ ስለ ካርታው ክፉ ቃል አልወጣቸውም። የጠየቁኝ እህል ትበላ እንደሆነ ነው። ልሄድ ስነሣ ብቻ፣ ቤቱ ይፈርሳል ወይ አሉ። ገና ረቂቅ ነው አልኳቸው። ማክሰኞ መምህራኑ ከተቀበሉት ለከተማው እንደሚሰጥ፣ ባዶ ከተባለ መሬት ላይ ለሚነሣ ሰው ደግሞ ምትክ ቦታ የሚያስብ እንደሌለ አልነገርኳቸውም። አንተ ታውቃለህ፤ አብረን ነው የተማርነው።

እንደተለመደው ማክሰኞ ከነዋሪው አንድ ሰው ግቢ ድረስ መጥቶ ሥራችንን ያዳምጣል። ስብሰባው ሊያበቃ ሲል አቶ ፋንታዬ ማን ይሂድ ሳይባል ኮታቸውን ማራገፍ ጀምረው ነበር። እኔ እናትህ ይምጡ አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። አንዱ፣ ዩኒቨርሲቲው ማሰሮ ተሰብሮበታል እንዴ አለ። መምህር ብዙነህ ግን ይሁን አሉ። ስለዚህ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ካርታውን አልነካሁትም፤ የሠራኸው አንተ ነህ፣ የምታቀርበውም አንተ ነህ። የምታመለክትበት እንጨት ሐይቁ ላይ ሲደርስ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ ትናገራለህ።

አሞጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚሰጥህ ማሰሮ ከእሳቸው ነው፤ አጥሚት እንድታሞቅበት ብለዋል። የዶርም ልጆች ከየት አመጣኸው ማለታቸው አይቀርም፤ ለማክሰኞ መለማመጃ ይሁንህ። ለእኔም አንድ ሰጥተውኛል። እሑድ አባቴ ማዕድ ላይ አቀርበዋለሁ፤ የማን እጅ እንደሠራውም እነግራቸዋለሁ።

እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልህ። ለማክሰኞም ድምፅህን ይመልስልህ።

እስከዚያው የቡድን ጓደኛህ ብቻ