መሀል ሐይቅ የጠጣኸው ውሃ

አሰላሙ ዐለይኩም አባ፤

አፈር ካለበስንህ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። እንደምን ከረምህ ልልህ አልችልም፤ እኔ ግን ደህና አልከረምኩም። አሁንም እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው የምጽፍልህ።

እህቴ ዘይነባ ከሳውዲ ተመልሳ ወልዳለች። ወንድ ነው፤ ሰይድ ብለን ባንተ ስም ጠራነው። ጡቷ አልበቃው ስላለ የዱቄት ወተት ትበጠብጥለታለች። ቧንቧው ሲጠፋ እናቴ ከሽንኩርት ማሳችን ጥግ ከሐይቁ ትቀዳና ታፈላለታለች። አንተስ ዓሣ ልታወጣ ስትወጣ መሀል ላይ መቅዘፊያህን አስቀምጠህ፣ ቢስሚላህ ብለህ በእፍኝህ ትጠጣ አልነበር? እኔንም አጠጥተኸኛል።

ደሴ ኬሚስትሪ የምማረዋ ልጅህ የመመረቂያ ጥናቴን በዚሁ ውሃ ላይ አደረግሁ። ከማዳበሪያ የሚመጣ ናይትሬት የሚባል ነገር አለ፤ ለጨቅላ ደም አደገኛ ነው፣ ከንፈሩንና ጥፍሩን ያጠቁረዋል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ፈተና ይዞኝ ስለነበር እናቴን ከሐይቁ ቀድተሽ ላኪልኝ አልኳት። ጠርሙሱ በሚኒባስ መጣ። ናይትሬት ካለ የመሞከሪያው መድኃኒት ጠብ ሲልበት ውሃው ይቀላል፤ ምንም አልቀላም። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ደውዬ ስጡት፣ ምንም የለበትም አልኳቸው።

ለዒድ ቤት ስመጣ እናቴ እየሳቀች ነገረችኝ። «የቧንቧውን ነው የላክሁልሽ። ለተማረ ሰው ደፍራሽ ውሃ ይላካል እንዴ? ነውር አይደል?» እንግዳ ማክበሯ ነበር። አንተ ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር። እኔ ግን ወደ ሕፃኑ ሮጥኩ። ሰይድን አንስቼ ከንፈሩን ባየው፣ ጥፍሩን ባየው አላምን አልኩ። ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቧንቧው ሲጠፋ ወተቱ የሚበጠበጠው ከሱቅ በሚገዛ ውሃ ነው። እናቴ አኩርፋለች፤ ያንተን ሐይቅ የሰደብኩባት መስሏታል።

በማግስቱ በጀልባህ ወጥቼ ራሴ ቀዳሁ፤ አንዱን አንተ ከምትጠጣበት፣ አንዱን ከማሳችን ጥግ። ደሴ ተመልሼ ትናንት ሞከርኳቸው። ያንተው ጥርት እንዳለ ቀረ። የማሳችን ቀላ።

አባ፣ ሐይቁ አልከዳህም። እኛ ነን ያበላሸነው። ያንን ማዳበሪያ አንተም በትከሻህ ተሸክመኸዋል፤ እኔም የተማርኩት በዚያው ሽንኩርት ነው። ታዲያ ማንን ልውቀስ? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ነገ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ማዳበሪያው ይቀንስ፣ ከውሃውም ፈቀቅ ብለን እንትከል እላታለሁ። እንቢ ትላለች፤ ታውቃታለህ። ያኔ ባንተ እለምናታለሁ። ባንተ ተለምና እንቢ ብላ አታውቅም።

ትንሹ ሰይድም እግሩ ሲጠና አንተ ከምትጠጣበት ድረስ ይዤው እወጣለሁ። ከዚያው ቀድቼ፣ አፍልቼ (ሳቅብኝ ግድ የለም) ቢስሚላህ አስብዬ አጠጣዋለሁ። የማን እፍኝ እዚያ ይሞላ እንደነበርም እነግረዋለሁ።

ልጅህ