እማ የጠጣችው መረቅ

ለምወድህና ሁልጊዜ ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለቲቶ፤

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? በዚህ ወር እናንተ ዘንድ ክረምት ነው ብለኸኝ ነበርና ወፍራም ልብስ መልበስህን አትርሳ። ባለቤትህ ሀኒ ደህና ናት? ትንሿ ፀደንያ መራመድ ጀመረች? ሱቁንስ በሰላም ከፍታችሁ በሰላም ትዘጋላችሁ? እኛ ጌታ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ቤቱ ጭር ብሏል።

ስለ እማ አሟሟት በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ። አንተ ታለቅሳለህ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ከቀብሩ በኋላ በመካከላችን ስለገባው ነገርም ከሰው ሰምተህ ጠይቀኸኝ በደንብ ሳልመልስልህ ቀረሁ። አሁን የሰፈራችን ልጅ አሞጽ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሚመለስ፣ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፍልህ አልኩ።

እማ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ምግብ እንቢ አላት። ሆስፒታል ወሰድናት፤ ሐኪሞቹ ጉበቷ መሆኑን ነግረውን፣ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት አሉን። እኔ ዱራሜ ስለማስተምር አርብ መጥቼ እሑድ እመለስ ነበር። በመካከል ያሉትን ቀናት ማን እንዳስታመማት መገመት አያቅትህም፤ ጎረቤታችን እትዬ ሃቢባ ናት። ከመናኸሪያ ወጥቼ እየሮጥኩ ስገባ አንዳንዴ እግሯን ስታሻት፣ አንዳንዴ ፀጉሯን ስታበጥርላት አገኛት ነበር። እኔ ልጇ ሆኜ ለማጠብ የከበደኝን እሷ ፊቷን ሳታጨማድድ አጥባለች።

በልጅነታችን የነበረውን አትረሳውም። ድግስ ሲኖረን ለእነ እትዬ ሃቢባ በግ ለብቻው ይገዛል፤ ባሏ ጋሽ ፈትሁዲን ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ድስቱም ጭልፋውም የተለየ ነው። በአረፋ ደግሞ እሷ ለእኛ አይብና ጎመን ለይታ ታስቀምጥልናለች። "ሥጋችንን ለምን አትበሉም" ብሎ የተቀየመ ሰው በሁለቱም ቤት አላየሁም። እማ እንዲያውም "የሰው ድስት እንደ ሰው ጸሎት ነው፤ አይነካም" ትል ነበር።

ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ከውሃ በቀር ምንም አልወርድ ብሏት ሰንብታ፣ ድንገት "የዶሮ መረቅ ባገኝ" አለች። እትዬ ሃቢባ ደስታም ድንጋጤም ያዛት። ዶሮዋ ግቢ ውስጥ አለች፤ የሚያርድ የእኛ ወገን ግን በዚያ ሰዓት ጠፋ። በየቤቱ ዞራ ፈልጋ ባዶ እጇን ተመለሰችና "ትንሽ ታገሺኝ፣ ሰው ከሥራ ሲመለስ ይታረዳል" አለቻት። እማም "ፈትሁዲን የለም እንዴ?" አለች። "አለ። እሱ ካረደው ግን የእኛ ሥጋ ነው የሚሆነው። ኋላ እንዳይጸጽትሽ" አለቻት። እማ ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ሰው እስኪመጣ እንደምቆይ ማን ነገረሽ? ሌት ተቀን የሚያገላብጠኝ እጅሽ ካላረከሰኝ መረቅሽ አያረክሰኝም። ጌታዬ ያውቀኛል፤ ይልቅ ቶሎ ጣጂው።"

ይህን የሰማሁት ከእትዬ ሃቢባ ብቻ አይደለም። አርብ ስመጣ ራሷ እማ ነገረችኝ። "ሐዳሳ፣ እናትሽ በስተርጅናዋ ሰለመችልሽ" ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባትና እስክትረጋጋ አቀፍኳት። መረቁ ከአንጀቷ እንደደረሰ፣ እንዲያ ያለ ጣዕም ከረሳች መቆየቷን አጫወተችኝ። እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ፣ እጇን ይዤ እያለሁ አረፈች። አልተሰቃየችም። ይሄ ያጽናናህ።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ የአጎታችን የዋለ ባለቤት እልፍነሽ በደግነት "ምስኪን፣ መጨረሻ ላይ አፏ የቀመሰው ነገር ይኖር ይሆን?" ብላ ጠየቀች። እትዬ ሃቢባም ምንም ሳትጠረጥር፣ እንባዋን እየጠረገች፣ የመረቁን ነገር እንዳለ ተናገረች። አጎታችን ዋለ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መሆናቸውን ታውቃለህ። ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ በሀዲይኛ፣ እሷ የማትሰማ ይመስል፣ "የወንድሜን ሚስት በመጨረሻ ሰዓቷ የማትበላውን አብልታ ላከቻት" አሉ።

ቲቶ፣ እትዬ ሃቢባን ሀዲይኛ ያስተማረቻት እማ አይደለችም? በዚያው በሀዲይኛ፣ ቀስ ብላ፣ "ለምናኝ ነው ያበላኋት" አለች። ሻርፗን ሰብስባ ተነሣችና ወጣች። ለለቀስተኛው ጋግራ ያመጣችው ዳቦ ከነመሶቡ ሳይነካ ዋለ። ዳቦ እኮ ነው! ሥጋ እንኳ አይደለም።

እኔ ዝም ማለት አቃተኝ። "አጎቴ፣ እርስዎም እኔም ባልነበርንበት ቀን አጠገቧ የነበረችውን ሰው ነው ያባረርነው" አልኳቸው። በሰው ፊት ስለተናገርኳቸው ተቆጡ፤ ጋቢያቸውን ለብሰው በዚያው ወደ ቤታቸው ወደ ሆመቾ ሄዱ። እስከ ዛሬ እግራቸው ግቢያችንን አልረገጠም። እትዬ ሃቢባም እንደዚያው። በእነሱ በኩልም ዘመድ ጋሽ ፈትሁዲንን "በሰው እምነት ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?" ብሎ ወቅሶታል አሉ። ደግ ሠርተው ከሁለት ወገን ተወቀሱ።

ሰሞኑን አረፋ ሲሆን ሳይጠሩኝ ሄድኩ። እትዬ ሃቢባ አቅፋ ሳመችኝ፤ እንደ ድሮው አይብና ጎመኑን ከቆጮ ጋር ለብቻዬ አቀረበችልኝ። እኔ ግን "ከእናንተ ሥጋ ስጪኝ፤ ዛሬ እበላለሁ" አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችና "አይሆንም" አለች። "ለምን? ለእማ ሰጥተሻት የለም?" ስላት እንዲህ አለችኝ፦ "እናትሽ የበላችው እኔን ወዳ ነው። አንቺ አሁን የምትበይው አጎትሽን ለማናደድ ነው። ከእኔ ድስት የጠብ ሥጋ አይወጣም ልጄ። ልብሽ ሲረጋ፣ ብትፈልጊ ትበያለሽ፤ ባትፈልጊም ልጄ ነሽ።" አንገቴን ደፍቼ ጎመኑን በላሁ። ጨው ይብዛበት እንባ ይብዛበት አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ እልፍነሽን ገበያ አገኘኋት። አጎታችን እህል በቅጡ እንደማይበሉ ነገረችኝ። "ሥጋው አይደለም ያቃጠላቸው" አለችኝ። "'ከሆመቾ ሆሳዕና ምን ያህል ነው? ዶሮ አማራት ብላችሁ ብትደውሉልኝ በእግሬስ ቢሆን አልደርስም ነበር ወይ?' እያሉ ያለቅሳሉ።" ይህን ከሰማሁ ወዲህ ንዴቴ በርዶ ሐዘን ብቻ ሆኖብኛል። ለካ ሁላችንም እማን ማጉረስ የነበረብን እኛ ነን እያልን ነው የተጣላነው።

የበኩር ልጅ ነህና ቃልህ ይሰማል። እባክህ ለአጎታችን ደውልላቸው፤ አትቆጣቸው፣ መጀመሪያ አብረሃቸው አልቅስ። ለእትዬ ሃቢባም ደውልና "እናቴን ስላጎረስሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" በላት። ይህን ከቤታችን ወንድ አፍ እስካሁን አልሰማችም።

ለሀኒ የናፍቆት ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ፀደንያን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። ጋሽ ፈትሁዲን "ቲቶ በርታ፣ አላህ ይጠብቅህ" ብሎሃል። እትዬ ሃቢባ ሰላም ብላሃለች፤ እልፍነሽም እንዲሁ። አጎታችን ባይልኩም፣ በልባቸው ሰላም እንደሚሉህ ስለማውቅ እኔ ጻፍኩላቸው። እዚህ ላይ እጄ ለምዶበት "እማም ሰላም ብላሃለች" ብሎ ሊጽፍ ሄደና ቆመ። በእሷ ቦታ የምጽፈው ስም አጣሁ።

እህትህ ሐዳሳ
ሆሳዕና፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.