የትልቋ ቀሚስ በልጅሽ ላይ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ያስቸግርሻል? የእናታችን ዓይን ከታከመ ወዲህ ብርሃኑ ተመለሰላቸው ወይስ አሁንም ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት? ጋሼስ ያ ደረቅ ሳል ለቀቃቸው? ትንሹስ የወለቀው ጥርሱ በቀለለት? ሁላችሁንም በያላችሁበት በሰላም ያቆይልኝ። እኔ አለሁ። አለሁ ስልሽ ግን እጄ ይሠራል፣ እግሬ ይሄዳል ማለቴ ነው እንጂ እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ ሰንብቷል።

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ለእናታችንም ጮክ ብለሽ አታንብቢላቸው፣ መጀመሪያ ለብቻሽ እይው። የምጽፍልሽ ስለ ልጅሽ ነው። አትደንግጪ፣ በሕይወት አለች፣ ትሠራለች፣ ዛሬ ጠዋትም አብረን ሻይ ጠጥተናል። ነገር ግን እየከሳች ነው። የምትከሳበት መንገድ ደግሞ እኔ ከዚህ በፊት በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የለካሁት፣ በራሴ ጽሕፈት የመዘገብኩት መንገድ ነው። እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።

ነገሩ እንዲገባሽ ከትልቋ መጀመር አለብኝ። አንቺ በወሬ ብቻ ነው የምታውቂያት። በእኛ ቲያትር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የተወነች፣ ከተማው በሙሉ የእኔ ናት የሚላት ተዋናይት ነበረች። ከበረኛው እስከ አዘጋጁ ሁሉም ትልቋ ነበር የሚላት። በቁመት ግን ከእኔ ታንስ ነበር፣ እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ከመሬት ብዙም አልራቅሁም። ጥርስ የማታስከድን ተጫዋች ነበረች። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆዳችንን እስኪያመን ስታስቀን ቆይታ መብራቱ ሲበራ ሌላ ሰው ሆና ትወጣለች።

በመጨረሻ የሠራችው የአንዲት እናትን ታሪክ ነው። እናትየዋ የሴት ልጇ ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው የወንድ ልጇን መርዶ ትሰማለች። ሠርጉ እንዳይፈርስ ብላ ለማንም ሳትናገር ትውጠዋለች። ሦስቱን ቀን ትስቃለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ የሙሽራዋን ፀጉር ታበጥራለች። ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ ብቻዋን ትቀርና ጀርባዋን ለተመልካቹ ሰጥታ ትቆማለች። በቃ፣ መቆም ብቻ ነው፣ አንዲት ቃል አትናገርም። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሴት ጀርባ እያየ ያለቅስ ነበር። እኔ ከመድረኩ ጎን ሆኜ ፊቷን አይ ነበር፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሁሉን የምትሠራው በትከሻዋና በወገቧ ነው። ግራ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ወገቧ ሊታጠፍ ይልና ይመለሳል፣ እንደገና ሊታጠፍ ይልና አይመለስም። እኔ ደንዳናዋ እንኳ ባየሁት ቁጥር አለቅስ ነበር። ይህን ስጽፍልሽ ራሱ እንባዬ መጣ። እንደሷ ያለ ሰው ሁለተኛ አላየሁም።

ስለዚህ ቀሚሱ ጀርባው ላይ ልክ ካልሆነ ዋጋ የለውም። አመድማ ወፍራም ጨርቅ ነው፣ ከአንገት እስከ ወገብ በአንድ ረጅም ስፌት የሚወርድ። ከገላዋ ትንሽ እንኳ ከላላ የትከሻዋ እንቅስቃሴ አይታይም። በዚህ የተነሣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከልምምድ በፊት ልኳን እወስድና በደብተር እጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ማክሰኞ ወገቧ ሰባ አራት ነበር። ሁለተኛው ሰባ ሦስት፣ ሦስተኛው ሰባ አንድ። አራተኛው እዚያው ሰባ አንድ ላይ ቆመና ተመስገን አልኩ። አምስተኛው ስድሳ ዘጠኝ ሆነ።

ያን ቀን ጠየቅኋት። የማይድን በሽታ እንዳለባት፣ አዘጋጁ ከሰማ ተውኔቱን እንደሚያቆመው ነገረችኝ። ለሰው እንዳትነግሪ፣ አንቺ ብቻ አጥብቢልኝ፣ እህቴ፣ አለችኝ። አጠበብኩላት። ማጥበብ ብቻ ቢሆን ምን አለበት፤ መክሳቷ እንዳይታወቅ በገበሩ ውስጥ ጥጥ እያስገባሁ ደረቷንና ዳሌዋን ሞላሁላት። እትዬ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የእኛ ሙያ ክፋቱ ይኸው ነው፣ ሥራሽ ካልታየ ጎበዝ ትባያለሽ። አዘጋጁ ቀሚሱን እያየ ሲያሞግሰኝ ኩራቴ አይጣል ነበር። እንዲህ ሆነን አሥራ አንድ ማክሰኞ ለካኋት። በአሥራ ሁለተኛው ሜትሩን አንገቴ ላይ አድርጌ ስጠብቃት በረኛው መጥቶ ማረፏን ነገረኝ። ልጆቿ መታመሟን እንኳ አያውቁም ነበር። በቀብሯ ቀን ትልቁ ልጇ ጠጋ ብሎ፣ ልብሷን የምታለብሻት አንቺ አይደለሽም ወይ፣ ምንም አላየሽም? ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁም አልኩት።

ይህ የሆነው የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ነው። ጥጡን አውጥቼ፣ ያጠበብኩትን ፈትቼ፣ ቀሚሱን ወደ መጀመሪያው ልኩ መለስኩና ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀልኩት። ልጅሽ ያን ጊዜ እናንተ ዘንድ ፊደል የምትቆጥር ሕፃን ነበረች፣ ትልቋን አንድም ቀን አላየቻትም። ዘንድሮ አዘጋጁ ያንኑ ተውኔት መልሼ ላቅርብ ብሎ ተነሣና እናትየዋን ለልጅሽ ሰጣት። ገና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት፣ የሙሽራ እናት እንዴት ትሆናለች ብዬ ተሟገትኩት። መጀመሪያ ጀርባዋን እይና ከዚያ ተናገሪ አለኝ። አየሁና ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ቀሚሱን ሳለብሳት አንድ መርፌ ሳላነሣ ልክ ሆነ። ወገቧ ሰባ አራት ነው። ስንት ሴት ሰባ አራት አለ ብዬ አለፍኩት።

እራት ላይ ስለ ትልቋ ንገሪኝ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ወሬ ከጀመርኩ ማን ያስቆመኛል። እንዴት እንደምትቆም፣ የቱ እግሯ እንደሚቀድም፣ ትንፋሿን የት እንደምትይዝ እየተነሣሁ ሁሉ አሳየኋት። ሳወራ የራሴን ሳህን እጨርሳለሁ፣ የሷ ግን እንደቀረበ ይነሣል። እሱን እንኳ ልብ አላልኩም። ሁለተኛው ማክሰኞ ሰባ ሦስት ሆነች፣ ሦስተኛው ሰባ አንድ። በአራተኛው እዚያው ሰባ አንድ ላይ ስትቆም ተመስገን ልል አፌን ከፈትኩና ይህንኑ ቃል እዚሁ ቦታ ቆሜ ማለቴ ትዝ አለኝ። የድሮውን ደብተር ከመሳቢያው ሥር ፈልጌ አወጣሁት። ቁጥሩ ያው ነው።

እጄ እያሳሳተኝ ይሆናል ብዬ በስድስተኛው ማክሰኞ አብራኝ የምትሠራው ልብስ ሰፊ በራሷ ሜትር እንድትለካት አደረግሁ። ደብተሩን አላየችም፣ ምንም አልነገርኳትም። ስድሳ ስምንት አለች። በደብተሩም ስድሳ ስምንት ነው። በሰባተኛው ደግሞ ጀርባዋ ላይ ስፒል ስሰካ፣ ስፒልሽ ቀዝቃዛ ነው፣ እፍ በይበት አለችኝ። ትልቋ ሁልጊዜ የምትለኝ ይህን ነበር፣ እኔም እፍ እልላት ነበር። ይህን ለልጅሽ አልነገርኳትም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከማን ሰማሽ ብላት፣ የቱን? አለችኝ።

ሰዉማ አብዷል። የድሮዎቹ ተመልካቾች በምርኩዝ ሳይቀር እየመጡ ትልቋ ተመለሰችልን እያሉ ያለቅሳሉ። ከየት እንደ ተመለሰችላቸው የጠየቀ የለም። በቀደም በረኛው፣ ትልቋ፣ ዣንጥላሽን ረሳሽ ብሎ ሲጠራት ወዲያው ዞረች። በስሟ ስጠራት ግን ሁለት ሦስቴ ካልደጋገምኩ አትሰማኝም።

ባለፈው ሳምንት ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ቀሚሱን ሳላጠብበው ተውኩት። ላልቶ ይታይ፣ አዘጋጁም መክሳቷን በዓይኑ ይይ ብዬ ነው። ከመድረኩ ጎን ቆሜ ጠበቅሁ። ጀርባዋን ስትሰጥ ጨርቁ ላይ አንድ እጥፋት እንኳ አልነበረም፣ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። ግራ ትከሻዋ ዝቅ አለ፣ አዳራሹ አለቀሰ። አልቆ ላወልቅላት ስይዘው ግን ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ይተርፋል። እዚያ መብራት ላይ ምን ሞልቶት እንደ ነበር አላውቅም፣ አንቺም አትጠይቂኝ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ደሟን መረመሩ፣ በመሣሪያም አዩአት። በሽታ አላገኘንባትም፣ ትብላ፣ ከሥራውም ለጊዜው ትረፍ አሉ። ለአዘጋጁ ነገርኩት፤ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው፣ ከዚያ እስክትጠግብ ታርፋለች አለኝ። ሦስት ሳምንት ሲል በልቤ ማክሰኞዎቹን ቆጠርኩ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናዘዝልሽ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደስ ብሎኝ ነበር። ትልቋ ናፍቃኝ ነበር፣ እትዬ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሌሎቹን ቀሚስ እየሰፋሁ እሷን ስጠብቅ ኖሬያለሁ ብልሽ ይቀለኛል። ልጅሽ ጀርባዋን ስትሰጥ አገኘኋት ብዬ በደስታ ነው ያለቀስኩት። ቁጥሩን ካየሁ በኋላ እንኳ ማውራቴን ወዲያው አላቆምኩም። አንቺ ልጅሽን በአደራ ሰጠሽኝ፣ እኔ ደግሞ እራት እያስተውኩ ሟች አስጠናኋት። ከጸጸቴ የተነሣ ቀሚሱን ልቀደው መቀስ አንሥቼ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ዛሬ ዘጠነኛው ማክሰኞ ነው። ስድሳ አራት። ሜትሩን ስጠቀልል እጄን ያዘችና፣ ለእናቴ ከነገርሽ መጥታ ትወስደኛለች፣ ይህ ሕይወቴ ነው፣ ማይልኝ አለችኝ። እያለቀሰች ስለነበር ማልኩላት። እንባዋን ጠረገችና በመስተዋቱ ውስጥ እያየችኝ፣ አንቺ ብቻ አጥብቢልኝ፣ እህቴ፣ አለችኝ። እህቴ ነው ያለችኝ፣ እትዬ። ከተወለደች ጀምሮ አክስቴ እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም። በድሮው ደብተር ከዚህ በኋላ የቀረው ሁለት ቁጥር ነው፣ ስድሳ ሁለትና ስድሳ አንድ። ከዚያ በታች ያለው ወረቀት ባዶ ነው።

ይቺ ሴትዮ ለይቶላታል ትይ ይሆናል። ይሁን፣ እብድ ብሆን ምን ትጎጃለሽ፣ ልጅሽን ትንሽ አብልተሽ፣ አስተኝተሽ ትመልሻታለሽ። እብድ ካልሆንኩስ? ይህ ወረቀት እጅሽ እንደ ገባ ተነሺ። ፖስታ ቤቱን ስላላመንኩት ወደ እናንተ በሚመጣው አውቶቡስ በሹፌሩ እጅ ልኬዋለሁ። የሚቀጥለው ማክሰኞ ሳይደርስ ድረሺ። ስልክ እንዳትደውይላት፣ አፏ ጤፍ ይቆላል፣ ታታልልሻለች። ጠዋት መጥተሽ በኋላ በር ግቢ፣ ከደረጃው በታች ሁለተኛው በር የእኔ ክፍል ነው። እናንተ ቤት ብቻ በምትጠራበት በልጅነት ስሟ ጥሪያት። ካልዞረች ደጋግመሽ ጥሪያት፣ እስክትዞር ድረስ ጥሪያት። አዘጋጁን ለእኔ ተዪው፣ ከሱ ጋር የምንባባለውን እንባባላለን።

ለእናታችን እጃቸውን ሳሚልኝ። እህቴ ትንሽ አሟት ልጠይቃት ነው በያቸው፣ ውሸቱን በእኔ ላይ አድርጊው። ለጋሼ እጅ ነስቻለሁ፣ ለእሳቸው እውነቱን ንገሪያቸው፣ ምስጢር ይይዛሉ። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። እስክትመለሺ ቤቱን የምታይልሽን ጎረቤትሽንም አመሰግናለሁ በይልኝ። ልጅሽ ሰላም ብላችኋለች እንዳልል መጻፌን አታውቅም። ባወቀች ቀን ትጠላኛለች፣ ዓይንሽን ለአፈር ትለኛለች። እሺ፣ ትጥላኝ። ወፍራ፣ ወልዳ፣ አርጅታ፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኖም ትጥላኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከቲያትር ቤቱ የልብስ ክፍል
ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን፣ ከቀትር በኋላ