ወዴት ላክሽው?

ካራ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ነሐሴ ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለናፈቁኝ አባቴ፣

ጾመ ፍልሰታው እንዴት ይዞዎታል? አንቱ ስልዎት እንዳይስቁብኝ። ቆብ የደፋ ሰው አንተ አይባልም ብላ እማዬ አዝዛኛለች፤ እኔ ግን አፌን ብይዘው እጄ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ አፏን ግን አያማትም። አጥራችን በዝናቡ ወድቆባት ጎረቤቱን ሁሉ በየተራ ስትቆጣ ከርማለች። ባለፈው «ገዳሙ መስታወት ስለሌለው መልኬን ከረሳሁት ቆየሁ» ብለው የላኩላትን ቃል ለመጣው እንግዳ ሁሉ እየነገረች ትስቃለች። እንግዳው ሲወጣ ደግሞ ታለቅሳለች።

ይህን ደብዳቤ አባ ገብረማርያም ይዘውልዎት ይመጣሉ። ከእንጦጦ ወርደው እኛ ጋ አርፈዋል፤ ነገ በማለዳ ወደ ገዳምዎ ስለሚነሡ ዛሬውኑ ጽፌ መጨረስ አለብኝ።

የምጽፍልዎት ስለ አጥር አይደለም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የዘንድሮው ጉድ እኔ ጋ መጥቷል። በምሠራበት ክፍል ሰዎች ግንባራቸው ላይ ምልክት እየወጣባቸው ይሞታሉ። ይህ ነገር እንዴት እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ካለ እርስዎ ነዎት። ለምን እርስዎ እንደሆኑ የገባኝ ትናንት ነው። ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

በሥራ ቀን ኮተቤ ክሊኒክ እውላለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ባለ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በትርፍ ሰዓት የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነኝ። ሕክምና እንዳልማር ስንት ጊዜ ለመኑኝ! «ሂሳብ ተማሪ፣ የሰው ደም ምን ያደርግልሻል?» ይሉኝ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ልጅዎ ሐኪም መሆኗ ሳያንስ የእርስዎኑ የጦር ጓዶች አካሚ ሆና አረፈችው። እርስዎ ወታደር እንደነበሩ እናውቃለን እንጂ እዚያ ምን እንደሠሩ አንድ ቀን አውርተውን አያውቁም።

ሽማግሌዎቹን እወዳቸዋለሁ። ሲያስነጥሳቸው እንኳ በማዕረጋቸው ልክ ነው። አንዱ ሲያቃስት ሌላው «ወንድ ሁን!» ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ብርድ ልብሱን ገፎ ያለብሰዋል።

በክረምት ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ መስኮታችን ላይ ይተኛል። እስኪረፍድ ድረስ ግቢው አይታይም። ነገሩ የጀመረው እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። አስር አለቃ ፉፋ የሚባሉ ሽማግሌ ሆዳቸውን ነፍቷቸው መጡ። ሽሮው ጨው የለውም ብለው ተቆጡ፤ እኔንም ባል አግቢ ብለው መከሩኝ። ዕድሜ ነው ብዬ በልቤ አለፍኳቸውና ወደ ሌላ በሽተኛ ዞር አልኩ። ትንሽ ቆይታ ነርሷ ሲስተር ጂቱ ጠራችኝ።

«ዶክተር፣ ምን ቀባሽባቸው?»

ግንባራቸው መሐል ሐምራዊ ቀለም ነበረ። ስፋቱ የአውራ ጣት ያህል ነው። ድሮ ቁስል ላይ ይቀባ የነበረውን መድኃኒት ይመስላል። በአልኮል ብንፈትገው አልለቅ አለ። ጭጋጉ ሳይገለጥ አስር አለቃ ፉፋ ሞቱ። ምን እንደገደላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ሌላ ሰው ላይ ወጣ። ከዚያም ሌላ። ሁሉም እንደ ፉፋ ጭጋጉ ሳይገለጥ ሞቱ። የመድኃኒት ቤቱ ጸሐዬ እንዲህ ያለ ቀለም ከግቢው ከጠፋ ዘመን እንዳለፈው ምሎ ነገረኝ። እኔ ሲስተር ጂቱን ጠረጠርኳት፣ እሷም እኔን። በኋላ ስናጣራ ግን በሥራ ቀን ምልክት ያየ አንድም ሰው የለም። የሚወጣው እኔ ተረኛ ስሆን ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ይህን ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ስከፍት አንዱ ከሌላው ጋር ሳይነጋገር ሁሉም ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ይስባሉ። ኮፍያ የሌለው በጋቢው ይከናነባል። «ደህና አደራችሁ?» ስላቸው ከጋቢው ሥር ነው «እግዜር ይመስገን» የሚሉኝ። የገዛ እጄን ፈራሁት። ማታ ቤት ገብቼ ስታጠብ እማዬ «ቆዳሽን ልትልጪው ነው እንዴ?» አለችኝ።

ትናንት ጠዋት ጋዲሴ የምትባል ሴት አባቷን ደግፋ ከዚሁ ከካራ አመጣች። ሃምሳ አለቃ ዱሬሳ ይባላሉ። የሳንባ ምች ይዟቸው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። የሚሠራው የኦክስጅን ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ እሱን አደረግኩላቸው። ጭምብሉን ሳስተካክል እጄን አዩና ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አሸሹ።

«በእግዜር ይዤሻለሁ፣ አውራ ጣትሽን አርቂልኝ!»

«ምን ሆኑ ጋሼ? ንጹሕ ነው እኮ።»

«ይሄን ጣት አውቀዋለሁ። ጠፍጣፋ፣ ጥፍሩ አጭር። አባትሽ ማነው?»

«አካሉ ይባላል።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጋዲሴ «አባዬ ደከመህ?» ስትላቸው በእጃቸው ዝም አሰኟትና እርስዎ ያልነገሩንን ነገሩኝ።

እርስዎ የሻምበሉ ድሬሰር፣ የጦር ሜዳ ቁስል አካሚ፣ ነበሩ አሉኝ። ቁስለኛው በዝቶ ቃሬዛው ሲያንስ፣ አይተርፍም ያሉትን ሰው ግንባሩን በአውራ ጣትዎ ሐምራዊ ይቀቡታል። ያንን ያየ ተሸካሚ አልፎት ይሄዳል። ትእዛዝ ነበር። አንድ ቀን ዱሬሳንም ቀቧቸው። ከጎናቸው ማቲዎስ የሚባል ልጅ ተኝቶ ቃሬዛ ይጠብቃል። እርስዎ ጥቂት ሄዱና ተመለሱ። ጣትዎን በምራቅዎ አርሰው የዱሬሳን ግንባር ጠረጉ። ከዚያ በዚያው ጣት የማቲዎስን ግንባር ነኩት፤ ቃሬዛው ዱሬሳን ይዞ ሄደ።

«ለምን እንደተመለሰልኝ አላውቅም» አሉኝ ሃምሳ አለቃ። «እናቴን ስጠራ ሰምቶ ይሆናል። ማቲዎስ ግን ዐይኑ ክፍት ነበር፤ አባትሽን ያየው ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ማቲዎስ ያልኩት ለዚያ ነው።»

ያኔ ብዙ ነገር ገባኝ። ልጅ ሆኜ ሲያተኩሰኝ አንገቴን እንጂ ግንባሬን ዳስሰው አያውቁም። የሰው አባት የልጁን ግንባር ይስማል፤ እርስዎ ግን ሁልጊዜ ጉንጬን ነበር። ቆብ ሊደፉ ሲሄዱ እንኳ። ገባኝ፣ ግን ተናደድኩም። ይህን ሁሉ ለእማዬ ሳይነግሩ ጥለዋት ወደ በረሃ መሄድዎ አናደደኝ።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ኤቢሳ የሚባል ወጣት ወታደር በቃሬዛ ገባ። ደረቱን ቆስሎ የተሰናበተ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ማሽኑ አንድ ነው። አንዴ ሃምሳ አለቃን፣ አንዴ እሱን አየሁ፤ በልቤም መረጥኩ። ማንን እንደመረጥኩ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ወዲያው ኤቢሳ ግንባር ላይ ሐምራዊው ወጣ። ማንም አልነካውም። እኔም ከቃሬዛው ራቅ ብዬ ነበር። አስር አለቃ ፉፋንም ያለፍኳቸው በልቤ ነበር።

አውራ ጣቴን ላስኩት። ያስተማሩኝ ቢያዩኝ ፈቃዴን ይቀሙኝ ነበር። ግንባሩን ጠረግኩት። አልኮል ያላስለቀቀው ቀለም እንደ ጥቀርሻ ተነሣ፤ ጣቴ ላይ ግን ምንም አልቀረም። ሃምሳ አለቃ ጭምብላቸውን በገዛ እጃቸው አወለቁ። «ለሱ አድርጊለት፤ እኔ በሰው ትንፋሽ ብዙ ኖሬአለሁ» አሉ። እያፈራረቅን ሰጠናቸው። ሁለቱም ተርፈዋል። ዛሬ ኤቢሳ ሻይ ጠጥቷል፤ ሃምሳ አለቃም ስለ ሽሮው ማማረር ጀምረዋል።

ግን ትናንት የልጁ ትንፋሽ ሲመለስ ሃምሳ አለቃ ክንዴን ይዘውኝ ነበር።

«ወዴት ላክሽው?»

«ምኑን?»

«እሱ አይጠፋም፣ ልጄ። ይዛወራል እንጂ። ወዴት ላክሽው?»

በክፍሉ ያለውን ሰው ሁሉ ኮፍያ አስወለቅኩ። ንጹሕ ነው። ሲስተር ጂቱ ሻሿን ገፋ አድርጋ አሳየችኝ። የራሴን በመስታወት አየሁ። ቤት ስገባ የእማዬን ግንባር ሳምኩት፤ «ምነው ዛሬ?» አለችኝ። አባ ገብረማርያምንም መስቀላቸውን ስሳለም ቀና ብዬ አየኋቸው። ማንም ላይ የለም።

ከዚያ ጣቴን ሳርሰው ማንን እያሰብኩ እንደነበር ትዝ አለኝ። አንተን ነበር። እንደተናደድኩብህ።

አባዬ፣ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ቆብህን አውልቅና አባ ገብረማርያም ግንባርህን ይዩልህ። ንጹሕ ከሆነ በልጅህ ሳቅባት። ካለ ግን፣ አደራህን፣ በምራቅህ አትንካው፤ ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ። ያለህበት በረሃ ጭጋግ የለውም፤ የያዝኩት ተስፋ እሱ ብቻ ነው። ለሆስፒታሉ ተተኪ ሐኪም እየፈለግኩ ነው፤ እንዳገኘሁ ተከትዬ እመጣለሁ። እኔ እጠርግልሃለሁ። ጣቱ እንደሆነ ያንተው ነው። ወዴት እንደምልከውም አስቤበታለሁ፣ አትጠይቀኝ። የእማዬን አጥር ዛሬ አሠርቼላታለሁ፤ ቁልፎቹንም የት እንደማስቀምጥ አሳይቻታለሁ።

የጾምህን ዋጋ ፈጣሪ አያስቀርብህ። ስትጸልይ ማቲዎስን አስበው፣ እኔንም ከእሱ ጋር። ስመጣ ደግሞ እባክህ ግንባሬን ሳመኝ።

ልጅህ
ሐመልማል