«ጠግቤያለሁ» ያልኩት ሳንዱዊች

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም አንድ ሁለት እያልሽ ትቆጥሪያለሽ ወይስ ትተሽዋል? እንቅልፍሽስ? ያ የግራ ዓይንሽ ማልቀሱን ተወ? አዲሱ መነጽርስ ተስማማሽ? ስለ እኔ ከሆነ ሐሳብ አይግባሽ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። እንዲያውም ጉንጭ አውጥቻለሁ፤ መንገድ ላይ ብታገኚኝ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ብለሽ ነው የምታልፊኝ።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ አልሆንልኝ ስላለ ነው። ባለፈው ወር «ነይና ሦስት ወር እኔ ጋ ተቀመጪ» ስልሽ «አይ ልጄ፣ እኔ እዚሁ ይሻለኛል» ብለሽ ስልኩን ለወንድሜ አቀበልሽው። እኔም እሺ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን «እውነት መምጣት አትፈልግም ይሆን?» እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። እውነተኛ መልስሽን እፈልገዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሳንዱዊች እንዴት ከሥራ ሊያስባርረኝ እንደነበር ልንገርሽ። አትደንግጪ፣ መጨረሻው ደስ ይላል።

የምሠራባት ካፌ ትንሽ ናት፤ ስምንት ጠረጴዛ፣ አንድ የቡና ማሽንና አንድ ረጅም ባንኮኒ ብቻ ነው ያላት። ባለቤቷን ሠራተኛው ሁሉ በሌሉበት «ወይዘሮ ሚዛን» ይላቸዋል፤ አይቡንም ቲማቲሙንም ሳይመዝኑ ዳቦ ውስጥ አያስገቡም። ክፉ እንዳይመስሉሽ። ብቻ ያሉትን ብለዋል፤ አንቺም ያልሽውን ብለሻል፤ ነገር ማዞር የሚባል አያውቁም። ማሽኑ ላይ የሚቆመው ባሪስታ ደግሞ «ዶክተሩ» ይባላል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጆሮውን ወደ ማሽኑ ዘንበል አድርጎ ትንፋሹን ስለሚያዳምጥ የወጣለት ስም ነው። እኔ የተቀጠርኩት ሳንዱዊች ልሠራ፣ ለሦስት ወር ሙከራ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የምሳ ግርግር ሲያልፍ ወይዘሮ ሚዛን አንድ ሳንዱዊች በሳህን አድርገው አመጡልኝ። እማዬ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ! ዳቦው ከላይ ኮሽ የሚል፣ ከውስጥ ለስላሳ፤ መሀሉ ላይ ተጠብሶ የተላጠ ቀይ ቃሪያ፣ አስኳሉ ያልደረቀ እንቁላል፣ በዳር በዳሩ የቀለጠ አይብ። ከጠዋት ጀምሮ ከቡና በቀር ያልቀመስኩ ሰው ነኝ፤ አፌ ውሃ ሞላ። «ብዪ እንጂ» አሉኝ። እኔም፣ የአንቺ ልጅ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ኧረ ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። እሳቸውም «እሺ» ብለው ሳህኑን ይዘው ሄዱ። እሺ! ክው ብዬ ቀረሁ።

በእኛ ቤት እኮ ነገሩ ሌላ ነበር። አክስቴ ቤት ከመግባታችን በፊት በር ላይ አቁመሽ የምትሰጪን ትምህርት ትዝ ይልሻል? መጀመሪያ ሲሉን «ጠግቤያለሁ»፣ ሁለተኛ ሲሉን ፈገግ፣ ሦስተኛ ሲሉን «እንግዲያው ትንሽ ብቻ»። ወንድሜ አንዴ ገና በመጀመሪያው «እሺ» ብሎ የቀመሳትን ቁንጥጫ እስከ ዛሬ ያወራታል። እና እኔ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ፣ ዶክተሩ ሳንዱዊቼን በአራት ጉርሻ ጨረሰው።

ነገ ይለምኑኛል ብዬ አደርኩ። በማግስቱም «ትበያለሽ?» «ጠግቤያለሁ።» «እሺ።» እንዲህ እየተባባልን ሦስት ሳምንት አለፈ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ሳንዱዊች እየሠራሁ፣ የተቆረጠ የዳቦ ጠርዝ ፍሪጁ ጀርባ ተደብቄ እቆረጥማለሁ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ትይን ነበር፤ ለካ ዳቦም አይገባም! በአራተኛው ሳምንት ወይዘሮ ሚዛን ጭራሽ መጠየቁንም ተዉት፤ ፊታቸውም ጠቆረብኝ። አንድ ጠዋት ዶክተሩ ስኒ እየደረደረ፣ የሴትዮዋን ሳንዱዊች ለምን እንደምጸየፍ ጠየቀኝ። እሳቸው «የራሷ አፍ ያልደፈረውን ለደንበኛ እንዴት ታቀርባለች? ወሩ ሲያልቅ ትሂድ» ማለታቸውንም ነገረኝ።

እኔ ልጸየፍ! እንባዬ መጣ። እየተንተባተብኩ የቤታችንን ሕግ ከአንድ እስከ ሦስት አስረዳሁት። ዶክተሩ ሳቅ ሲያንቀው የያዘው ወተት ጫማው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ረጋ ብሎ «እሳቸው እኮ ያልሽውን ነው ያመኑሽ፤ ሌላ ምን ያድርጉ?» አለኝ። ይህችን ቃል እስካሁን እያመላለስኩ አስባታለሁ።

የዚያን ዕለት ዓይኔን በጨው አጥቤ ወጥ ቤት ገባሁ። በሕይወቴ ምግብ በአፌ ጠይቄ አላውቅም፤ ታውቂኝ የለ፣ ሲርበኝ አንቺ አጠገብ ሳህን አንኳኳለሁ እንጂ አልናገርም ነበር። «ራበኝ፣ አንድ ሳንዱዊች ይሰጡኛል?» አልኳቸው። ጆሮዬ ጋለ። ቢላዋቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝና ዳቦ አነሡ። እማዬ፣ አይቡን ሳይመዝኑ ነው የቆረጡት! እዚያው ፊታቸው ቆሜ በላሁ፤ አስኳሉ በእጄ አንጓ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ገና ሳልውጥ «ትደግሚያለሽ?» ሲሉኝ «እሺ!» ብዬ ስጮህ፣ መስኮት ዳር የሚቀመጡት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ሳይቀሩ ሳቁ። ነገሩን ሳስረዳቸው ወይዘሮ ሚዛን «ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ ቤት ተርበሽ!» ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሽንኩርት ደግሞ አልነበረም።

ይኸው ባለፈው ሰኞ ሙከራዬ አልቆ ቋሚ ሆንኩልሽ። ጠዋት የካፌዋን በር የምከፍተው እኔ ነኝ። ወንበሮቹን ከጠረጴዛ ላይ ሳወርድ ዶክተሩ ማሽኑን ያሞቅና የመጀመሪያውን ማኪያቶ ይሰጠኛል፤ መንገዱ ገና ጭር ብሎ ሳለ በሩ ላይ ቆሜ ፉት እላታለሁ። የራሴ ሳንዱዊችም አለችኝ። አቮካዶ በሎሚና በጨው አድቅቄ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ስስ የተቆረጠ ቲማቲም ደርቤ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ሰናፍጭ። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ቀምሰው «ልኳ ነው፤ አልጠበበችም አልሰፋችም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ያዟታል፤ ግማሿን እዚያው በልተው ግማሿን ለባለቤታቸው በወረቀት ይጠቀልላሉ። ሲጠቀልሉ ብታዪያቸው፣ አዲስ ኮት ነው የምትዪው። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

እሑድ ደግሞ ቤቴ ነኝ። ቤት ስልሽ አንድ ክፍል ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቷ የጎረቤት ልብስ የሚሰጣበትን ገመድና የመካኒኩን ግቢ ታያለች። ዳቦውን በመጥበሻ አድርጌ ሌላ ከባድ መጥበሻ እጭንበታለሁ፤ ጠፍጠፍ ብሎ ይጠበሳል። ቡናዬን በትንሿ ማንቆርቆሪያ አፈላለሁ። ፒጃማዬን ሳልቀይር፣ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ፣ ማንም ሳይለምነኝ እበላለሁ። ብታዪኝ ትቆጪኝ ነበር፤ ቆይተሽ ግን አንቺም እግርሽን ትሰቅዪ ነበር፤ ለጉልበትሽም ጥሩ ነው። አንዳንድ እሑድ ዶክተሩ ሌላ ካፌ ይወስደኛል። የሰው ቡና እየጠጣ «ይቺ አራለች፣ ያቺ ቀጥናለች» እያለ ያማል፤ ስኒው ውስጥ ግን ጠብታ አያስቀርም። ይኼኔ መነጽርሽን ወደ ላይ ገፋ አድርገሽ «ይኼ ዶክተር ደግሞ ማነው?» ብለሻል። ሰው ነው፣ እማዬ። ደህና ሰው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የጎረቤታችን ልጅ ያገባች ጊዜ፣ ሠርጉ ሌላ ከተማ ስለነበር መኪና መጥቶልን «ትሄጃለሽ?» ስንልሽ «እኔ ይቅርብኝ፣ እናንተ ተጫወቱ» አልሽን። አምነንሽ ሄድን። ማታ ስመለስ ሰማያዊ ቀሚስሽ ተተኩሶ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ አገኘሁት። ጫማሽም ተወልውሎ ነበር። እኔ ምንም አልጠየቅኩሽም፤ አንቺም ምንም አላልሽኝም። ካፌ ውስጥ ተርቤ በቆምኩባቸው ቀናት ያ ቀሚስ በዓይኔ ላይ ይመላለስብኝ ነበር። ይቅር በይኝ፣ እማዬ። ያኔ ይህን ማለት ነበረብኝ።

አሁንም አጥብቄ ብለምንሽ የምትመጪ ይመስለኛል። ግን ፈልገሽ ይሁን ልመናው በዝቶብሽ ሳላውቅ እቀራለሁ፤ አንቺም እዚህ ተቀምጠሽ «ልጄን አስቸገርኳት» እያልሽ ትሰጊያለሽ። ስለዚህ አልለምንሽም። አንድ ጊዜ ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ እማዬ፣ መምጣት ትፈልጊያለሽ? እሺ ካልሽ አልጋዬ ላንቺ ነው፣ እኔ ፍራሽ አዘጋጅቻለሁ፤ ወይዘሮ ሚዛንም ሳንዱዊችሽን ራሳቸው እንደሚሠሩ ምለዋል። ከልብሽ «ቤቴ ይሻለኛል» ካልሽም አልቀየምም፤ እንደ ወትሮው በየሳምንቱ እደውልልሻለሁ። ብቻ ይህን እወቂልኝ፤ አይ ካልሽኝ አምንሻለሁ።

አክስቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እሷ ቤት «ጠግቤያለሁ» ያልኩበት ሁሉ ዛሬ እንደሚቆጨኝ ንገሪያት። ሠርገኞቹን ጎረቤቶቻችንን ሰላም በይልኝ። ለወንድሜ ሚስት፣ ሕፃኗ ጥርስ ስታወጣ ፎቶ እንድትልክልኝ አደራ። አንተም ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ከእማዬ ቀድመህ እንደከፈትከው አውቃለሁ፤ ጤናህን ያብዛልህ። አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሃለሁ። አንብባ ስትጨርስ «ምን ልትይ ነው?» ብለህ እንዳትጠይቃት፣ አክስታችንም አጠገቧ ተቀምጣ እንዳትገፋፋት። እስክሪብቶና ወረቀት ስጣትና በሩን ዘግተህ ውጣ።

ልጅሽ፤
ከካፌዋ መስኮት ዳር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት 14 ቀን